የነፃ ዕውቀት በጎ ፈቃደኞች የኦንላይን ጉባኤ፦ ከጎጃም ሆነው ለሚሳተፉ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ጉባኤው በተቃረበ ቁጥር ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣና ከዳንግላ የሚመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ በአማርኛ ውክፔዲያ ላይ የሚጽፉ፣ ፎቶግራፍ የሚያበረክቱ ወይም የአካባቢያቸውን ካርታ የሚያሟሉ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከፊሎቹ መምህራንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከፊሎቹም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። መልሶቹ በዋናነት ዊኪማኒያ የተባለውን ዓመታዊ ጉባኤ መነሻ ያደርጋሉ፤ አብዛኞቹ ግን ለሌሎች ተመሳሳይ ጉባኤዎችም ያገለግላሉ።

ዊኪማኒያ ምን ዓይነት ጉባኤ ነው? በኦንላይን መካሄድ የጀመረውስ መቼ ነው?

ዊኪማኒያ ውክፔዲያን፣ የፎቶና የድምፅ ማኅደር የሆነውን ዊኪሚዲያ ኮመንስን፣ የመረጃ ቋት የሆነውን ዊኪዳታንና ሌሎች እኅት ፕሮጀክቶችን በፈቃዳቸው የሚሠሩ ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ የሚገናኙበት ጉባኤ ነው። የመጀመሪያው በ2005 እ.ኤ.አ. በጀርመን ፍራንክፈርት ተካሄደ፤ በአፍሪካ ምድር ደግሞ በ2008 እስክንድርያ፣ በ2018 ኬፕታውን፣ በ2025 ናይሮቢ አስተናግደውታል። በ2020 በባንኮክ ሊደረግ ታቅዶ የነበረው በኮቪድ ምክንያት ከቀረ በኋላ፣ የ2021 ጉባኤ ከነሐሴ 7 እስከ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ተካሄደ። በቀጣዩ ዓመትም ዋናው መድረክ ኦንላይን ሆኖ በየአገሩ ትንንሽ የፊት ለፊት ስብሰባዎች ታከሉበት። ከዚያ ወዲህ ጉባኤው ወደ አዳራሽ ቢመለስም በኦንላይን የመከታተል ዕድሉ አልተዘጋም፤ ይህም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት የሚጠይቅ ጉባኤ ከደብረ ማርቆስ ለሚነሳ መምህር የማይታሰብ ነበርና።

የአፍሪካ ዊኪሚዲያውያን ዊኪኢንዳባ የሚባል የራሳቸው ጉባኤ አላቸው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በጆሃንስበርግ ተጀምሮ የ2021ዱ በኦንላይን ተካሂዷል። ካርታ ለሚሠሩ ደግሞ ማንም ሊያሟላው የሚችል ነፃ የዓለም ካርታ የሆነው የኦፕንስትሪትማፕ ጉባኤ አለ፤ በ2020 በኬፕታውን ሊካሄድ የነበረው እንዲሁ ወደ ኦንላይን ዞሯል።

ለመሳተፍ ምን ያህል ልምድ ያስፈልገኛል?

ምንም አያስፈልግዎትም። አንድ መጣጥፍ ያረመም፣ ገና ለማረም የሚያስብም መግባት ይችላል።

ክፍያ አለው? አበልስ ይታሰባል?

ከ2021 ጀምሮ እንደታየው በኦንላይን ለሚከታተል ሰው ምዝገባው ያለ ክፍያ ነው። አበል የለም። ስብሰባ ሲባል የውሎ አበል መጠበቅ በመሥሪያ ቤቶቻችን የተለመደ ስለሆነ ጥያቄው አያስነቅፍም፤ ይሁን እንጂ ጉባኤው በጎ ፈቃደኞች ለበጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት መሆኑን አስቀድሞ ማወቁ ከቅሬታ ያድናል። አንዳንድ ጊዜ ለኢንተርኔት ወጪ ወይም በአንድ ከተማ ተሰባስበው ለሚከታተሉ ቡድኖች መጠነኛ ድጋፍ ይገኛል፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ግን ጉባኤው ከመጀመሩ ከረጅም ጊዜ በፊት ስለሆነ በዋዜማው የሚጠይቅ ሰው አይደርስበትም።

ስመዘገብ ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቀኛል። ምን ልጻፍ?

በመጀመሪያው ሳጥን የራስዎን፣ በሁለተኛው የአባትዎን ስም ይጻፉ። ከዚያ ወዲህ ግን አጻጻፉን አይቀያይሩት፤ ዛሬ «ዐ»ን በአንድ የላቲን ፊደል፣ ነገ በሌላ የሚጽፍ ሰው የመግቢያ ሊንኩ ወይም የምስክር ወረቀቱ በሌላ ስም ተመዝግቦ ያገኘዋል። ብዙ ተሳታፊዎች ከትክክለኛ ስማቸው ይልቅ በውክፔዲያ የሚታወቁበትን የተጠቃሚ ስም ይጠቀማሉ፤ ይህ የተፈቀደ ነው። በአማርኛ ውክፔዲያ የከፈቱት አካውንት በኮመንስም በዊኪዳታም ስለሚሠራ ለጉባኤው ብለው ሌላ መክፈት አያስፈልግዎትም። ፓስወርድዎን ግን ከጉባኤው በፊት ይሞክሩት፤ የጠፋ ፓስወርድ የሚታወሰው መክፈቻው ሊጀመር ሲል ነው።

የመርሐ ግብሩ ሰዓት ግራ ያጋባኛል። በእኛ አቆጣጠር እንዴት ላውቀው?

መርሐ ግብሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ዩቲሲ በሚባለው የዓለም ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ከእርሱ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛ የሰዓት አቆጠራ ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ሰዓት ይለያል። ሁለቱን አጣምሮ ለማስላት ቀላሉ መንገድ ከዩቲሲው ላይ ሦስት መቀነስ ነው። 9:00 ዩቲሲ ቀን 6 ሰዓት ይሆናል፤ 13:00 ዩቲሲ ከቀኑ 10 ሰዓት፤ 15:00 ዩቲሲ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። ውጤቱ ከ12 ሲበልጥ 12 ይቀንሱለት፤ 18:00 ዩቲሲ 15 ይመጣና ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ አንዳንድ መርሐ ግብሮች ሰዓቱን በራሳቸው ወደ ስልክዎ የሰዓት ክልል ይለውጡታል፤ ያን ጊዜ የሚያዩት 16:00 ዩቲሲ ሳይሆን የአዲስ አበባ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ የሚቀነሰው ስድስት ነው። ስለዚህ ከማስላትዎ በፊት ከሰዓቱ አጠገብ የተጻፈውን የሰዓት ክልል ይመልከቱ። ሁለተኛው የሌሊቱ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ሐሙስ 22:00 ዩቲሲ ተብሎ የተጻፈው ለእኛ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ ለላቲን አሜሪካና ለእስያ ተሳታፊዎች የተመደቡ ክፍለ ጊዜዎች ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለ ሰዓት ላይ ይውላሉ።

ዊኪማኒያ ብዙ ጊዜ የሚውለው በፈረንጆቹ ኦገስት ስለሆነ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገናኛል፤ የናይሮቢው ጉባኤ ከሐምሌ 30 እስከ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የተካሄደ ነበር። ከቀትር በኋላ ቅዳሴ የሚሄድ ሰው የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜዎች በቀጥታ አያገኝም ማለት ነው። ይህ የሚያሳስብ አይደለም፤ ምክንያቱ በሚቀጥለው መልስ ውስጥ ይገኛል።

ስንት ጊጋባይት ይበቃኛል?

መልሱ የሚወሰነው ጥቅልዎን በምን ላይ እንደሚያወጡት ነው። በዩቲዩብ የሚተላለፍን ንግግር በዝቅተኛው ጥራት፣ ማለትም በ144 ማየት በሰዓት ከ100 ሜጋባይት ብዙ አይርቅም፤ በ720 ሲያዩት ግን ወደ አንድ ጊጋባይት ይጠጋል። በዙም ወይም በመሰል መድረክ ካሜራ ተከፍቶ ብዙ ሰው የሚነጋገርበት ስብሰባ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል፤ በድምፅ ብቻ ሲሆን ወጪው እጅግ ይቀንሳል። ዩቲዩብ ጥራቱን ከኔትወርኩ ጋር እያየ በራሱ ከፍ ስለሚያደርገው፣ ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ሰዓት ሳያውቁት ጥቅሉ ያልቃል፤ ጥራቱን በእጅ መርጦ ማሰር ይገባል።

ብዙ ሰው ጥቅሉን የሚያወጣበት ቅደም ተከተል የተገላበጠ ነው። መክፈቻውንና ትልልቆቹን ንግግሮች በጥሩ ጥራት ይከታተላል፤ የአፍሪካ ቋንቋዎች ውክፔዲያ አዘጋጆች የሚነጋገሩበት ሰዓት ሲደርስ ዳታው አልቋል። የመክፈቻው ንግግር ግን ይቀዳል፤ ከሳምንት በኋላም፣ ከዓመት በኋላም በዩቲዩብ ወይም በኮመንስ ይገኛል፤ ዋይፋይ ባለበት ግቢ ሌሊት አውርዶ ቤት መመልከት ይቻላል። የማይቀዳው በትንንሾቹ ክፍሎች የሚደረገው ጭውውት ነው። ከሐውሳ፣ ከስዋሂሊ ወይም ከዮሩባ ውክፔዲያ የመጣ ሰው እርስዎ የተቸገሩበትን ነገር እንዴት እንደተወጣው የሚነግርዎት፣ የቴሌግራም አድራሻ የሚለዋወጡትም እዚያ ነው። ስለዚህ የቀጥታ ዳታዎን ለውይይት ያስቀምጡ፤ ንግግሩን ቆይተው ይዩት። በአራት ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ውይይት በደንብ የተካፈለ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ከማያ ገጽ ፊት ከዋለው የበለጠ ይዞ ይወጣል።

በክረምት መብራትና ኔትወርክ ይቋረጣል። ምን ማድረግ ይቻላል?

ነሐሴ በጎጃም ነጎድጓድ የሚበዛበት ወር ነው። መብረቅ ሲበረታ ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅሎ በባትሪ መቀጠል ለዕቃውም ለሰውም ይበጃል፤ ስለዚህ ባትሪው ማለዳውን መሙላት አለበት። ፓወር ባንክ ካለዎት ለላፕቶፑ ሳይሆን ሆትስፖት ለሚሰጠው ስልክ ይያዙት፤ ቀድሞ የሚደክመው እርሱ ነው። ሁለተኛ ሲም ካርድ ከሌላው ኦፕሬተር መያዝም ይረዳል፣ ሽፋኑ በደረሰባቸው ከተሞች።

ከነጭራሹ የሚቋረጥበት ጊዜም አለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ዊኪማኒያ በሲንጋፖር ሲካሄድ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በቀጥታ መሳተፍ አይቻልም፤ የተቀዳውን ኋላ ማየት ግን ይቻላል፤ የክፍለ ጊዜዎቹ የጽሑፍ ማስታወሻም እንዲሁ ይቆያል። ንግግር የማቅረብ ድርሻ ያለዎት ከሆነ፣ ስላይዱንና ከተቻለም በስልክ የተቀረጸ ንግግርዎን ቀደም ብለው በሌላ ከተማ ለሚገኝ ባልደረባ ወይም ለአስተባባሪዎቹ መላክዎ የሚያስመሰግን ጥንቃቄ ነው።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። መሳተፍ እችላለሁ?

ይችላሉ። በዋና ዋና ክፍለ ጊዜዎች ላይ እንደ ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛና ስፓኒሽ ወዳሉ ቋንቋዎች የቃል ትርጉም ይሰጣል፤ አማርኛ ግን በተለምዶ ከእነዚህ ውስጥ አይገኝም። ሆኖም ለአብዛኛው ክፍለ ጊዜ ሁሉም ሰው በአንድ ላይ የሚጽፍበት ኢተርፓድ የተባለ የጋራ ማስታወሻ ይከፈታል፤ አነጋገሩ የፈጠነብዎት ሰው ከሆነ ፍሬ ነገሩን ከዚያ ያነቡታል፤ ጥያቄዎንም እዚያው በጽሑፍ ማስፈር ይችላሉ፤ አወያዩ ያነብልዎታል። በጽሑፍ የቀረበ አጭርና ግልጽ ጥያቄ ማይክ ይዞ ከሚንተባተብ ረጅም መግቢያ ይሻላል፤ ይህ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ለሆነውም ይሠራል።

በቡድን ሆነን አንድ ቦታ ብንከታተል ይሻላል?

በእኔ አስተያየት በጣም ይሻላል፤ ወጪው ይከፈላል፣ አንዱ ያልገባው ለሌላው ይገባዋል። ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። አንድ ላፕቶፕ፣ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኝ የኤችዲኤምአይ ገመድ፣ ትንሽ ስፒከር፣ እንዲሁም ኔትወርክ በሚይዝበት መስኮት ላይ የተቀመጠ ሆትስፖት ሰጪ ስልክ በቂ ናቸው። ያ ስልክ ጥሪ እንዳይመጣበት የማንም የግል ስልክ ባይሆን መልካም ነው፤ በውይይት መሀል ሲደወልበት ግንኙነቱ ይቆረጣል። ከቡድኑ አንዱ ማስታወሻውን እየተከተለ የቡድኑን ጥያቄ ይጽፋል፤ ሌላው በንግግሮቹ መካከል ዋናውን ሐሳብ በአማርኛ ያስረዳል። ቡናው በእረፍቱ ሰዓት ይፈላ፤ ሲኒ ሲንኳኳ ማይኩ ክፍት ከሆነ ናይሮቢ ድረስ ይሰማል።

ስለ ድምፅ ካነሳን አይቀር፣ የነሐሴ ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲመታ አጠገብ ያለ ሰውም አይሰማም። ዝናቡ ሲጀምር ማይክዎን ዘግተው ሐሳብዎን በቻት ይቀጥሉ፤ «እዚህ ከባድ ዝናብ ስላለ እጽፋለሁ» ቢሉ ማንም ቅር አይለውም።

በጉባኤው ውስጥ ልጠብቀው የሚገባ ሥርዓት አለ?

አለ። የዊኪሚዲያ ሁለንተናዊ የሥነ ምግባር ደንብ ፕሮጀክቶቹን በሚያስተዳድረው በዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የባለአደራዎች ቦርድ መጽደቁ በፌብሩዋሪ 2021 የተገለጸ ሲሆን በጉባኤዎችም ላይ ይሠራል፤ ስድብን፣ ማዋከብንና የሰውን የግል መረጃ ያለ ፈቃዱ ማውጣትን ይከለክላል። በክፍለ ጊዜ ውስጥ የሚያስቸግርዎት ሰው ካለ የሚያመለክቱለት ቡድን አለ፤ አድራሻው በጉባኤው መረጃ ላይ ይገለጻል።

የአክብሮት አነጋገር ግን ከእኛ ይለያል። የስልሳ ዓመት ምሁር በተጠቃሚ ስሙ ብቻ ሲጠራ፣ ተማሪም የፋውንዴሽኑን ኃላፊ በስሙ ጠርቶ ሲሞግት ያያሉ። ይህን እንደ ድፍረት አይቁጠሩት፤ በአማርኛ ስንነጋገር ደግሞ «አንቱ» እና «እርስዎ»ን መተው አይጠበቅብንም።

ከጎጃም ምን ይዤ ልቅረብ? እዚህ ያለው ነገር ለዓለም ጉባኤ የሚበቃ ነው?

በቂ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎች የሚፈልጉት ዓይነት ነው። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ7 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት የአማርኛው 15 ሺህ ያህል ነው። ይህን ልዩነት በቁጥር ማሳየት ግን ለማንም አዲስ ዜና አይሆንም፤ «ድጋፍ ያስፈልገናል» የሚል አጠቃላይ ንግግርም በየጉባኤው ይሰማል። የሚደመጠው ከአንድ መጣጥፍ፣ ከአንድ እንቅፋት የሚነሳ ሰው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ስለ ዋሸራ ወይም ስለ ጎንጅ ቅኔ ቤት መጣጥፍ ለመጻፍ ተነሡ እንበል። ዜማ ልኩን፣ የቅኔውን ሥልት፣ የመምህራኑን የትውልድ ሐረግ በሚገባ የሚያውቁ የኔታ በአጠገብዎ አሉ፤ ነገር ግን ያውቃሉ እንጂ አላሳተሙም። ውክፔዲያ ደግሞ የሚጻፈው ነገር በታተመና ሌላ ሰው አግኝቶ ሊያረጋግጠው በሚችል ምንጭ እንዲደገፍ ይጠይቃል፤ ከሊቁ አፍ የሰማሁት ማለት አይበቃም። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የቃል ምስክርነትን ቀርጾ እንደ ምንጭ ለመጠቀም የሞከረ ፕሮጀክት ነበረ፤ ክርክሩ እስካሁን አላለቀም፤ ደንቡም አልተለወጠም። ደንቡ ያለምክንያት የተቀመጠ አይመስለኝም፤ ማንም የፈለገውን «ከአባቶች ሰማሁ» እያለ ቢጽፍ የሚያጣራ አይኖርም። ይሁን እንጂ የየኔታ ቃል በድምፅ ተቀርጾ፣ ፈቃዳቸው ተጠይቆ፣ ቀንና ቦታ ተመዝግቦ ኮመንስ ላይ ቢቀመጥ፣ በእርሱም ላይ ተመሥርቶ በዩኒቨርሲቲ መጽሔት ላይ በጥናት መልክ ቢወጣ መንገዱ ይከፈታል። ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚሳተፉ መምህራን በዚህ ላይ የሚሉት ይኖራቸዋል፤ ከናይጄሪያና ከጋና የመጡትም እንዲሁ።

ቴክኒክ ነክ ጥያቄ ያለው ሰውም ይዞት ይምጣ። ለምሳሌ አንድ አንባቢ «ግሽ ዓባይ» ብሎ ሲፈልግ፣ ሌላው «ግሽ አባይ» ይላል፤ ሁለቱም አንድ ቦታ እንዲደርሱ ዛሬ የምናደርገው መምሪያ መንገድ፣ ማለትም ከአንዱ አጻጻፍ ወደ ሌላው የሚወስድ ገጽ፣ በእጅ መሥራት ነው። ፕሮግራመሮች በሚሰበሰቡበት ክፍለ ጊዜ ላይ ይህን ከሁለት የፍለጋ ውጤት ምስል ጋር ያቀረበ ሰው፣ ቢያንስ ችግሩን በሥርዓት አስመዝግቦ ይወጣል።

ንግግር ማቅረብ ከፈለጉ የሐሳብ ጥሪው የሚወጣው ከጉባኤው ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያቀርብ ሰው አምስት ደቂቃ ገደማ የሚፈጀውን አጭር ንግግር እመርጥለታለሁ፤ ለረጅሙ ፉክክሩም ይበረታል፣ ኔትወርኩም አያስተማምንም።

ፊቴና ድምፄ ይቀረጻል? እንዲያየኝ የማልፈልገው ሰው ቢያየኝስ?

አብዛኛው ክፍለ ጊዜ ይቀረጻል፤ ቅጂውም በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለሚለቀቅ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል፤ አንዴ ከወጣ በኋላ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ካሜራ መክፈት ግዴታ አለመሆኑን ይወቁ፤ በተጠቃሚ ስም ገብቶ በጽሑፍ ብቻ መሳተፍ ሙሉ ተሳትፎ ነው። በፖለቲካ ወይም በግጭት ዙሪያ የሚጽፉ ከሆነ ትክክለኛ ስምዎንና የሚኖሩበትን ከተማ በተቀረጸ ክፍለ ጊዜ ላይ ባይናገሩ ይመረጣል። በቡድን የሚከታተሉ ከሆነ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት በክፍሉ ያለውን ሰው ሁሉ ይጠይቁ።

የምስክር ወረቀት ይሰጣል?

ለንግግር አቅራቢዎችና ለአስተባባሪዎች የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ግን የግድ አይደለም። መሥሪያ ቤትዎ ፈቃድ የሚሰጠው በወረቀት ከሆነ፣ የምዝገባ ማረጋገጫ ኢሜይሉንና ሊካፈሉበት ያሰቡትን መርሐ ግብር አትመው ቀድመው ያስገቡ።

ላፕቶፕ የለኝም። በስልክ ብቻ ይሆናል?

ለመስማት፣ ለመጠየቅና በቻት ለመወያየት ይሆናል። የሚያስቸግረው የጋራ ማስታወሻውን እየጻፉ ንግግሩን በአንድ ጊዜ መከታተል ነው፤ ስልክ አንዱን ሲከፍት ሌላውን ሊያቋርጥ ይችላል። የመድረኩን መተግበሪያ ቀደም ብለው ያውርዱ፤ መድረኩ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ የአምናው ላይሠራ ይችላልና። የአማርኛ ኪቦርድ በስልክዎ ከሌለ በውክፔዲያ የአርትዖት ሳጥን ውስጥ ራሱ የሚገኘውን የአማርኛ መጻፊያ በብራውዘር መጠቀም ይቻላል፤ እርሱ ግን ለላፕቶፕ የበለጠ ስለሚመች፣ በስልክ ለሚጽፍ ሰው የተለመደውን የግእዝ ኪቦርድ መጫኑ ይቀላል።